ታኪሜትር ያለው ሰዓት ይሻላል ወይስ ሌላ? ቁጥሮቹ ምን እንደሚሰሩ እና የቱ ለማን እንደሚሆን

የእጅ ሰዓት ሊገዛ የተነሳ ሰው ሁሉ ሚጠይቀው ነገር ነው፣ ያ ዙሪያውን 400፣ 300፣ 240፣ 200 እያለ ወደ 60 ሚወርደው ቁጥር ምንድነው? ሻጩን ብትጠይቁት «ስፖርት ሰዓት ስለሆነ ነው» ይላችኋል፣ በቃ። ታኪሜትር ይባላል፣ ፍጥነት መለኪያ ነው፣ እና እጁ ላይ ካሰረው ሰው አብዛኛው አንድም ቀን አይጠቀምበትም። ይሄን ስል አትግዙ እያልኩ አይደለም፣ እኔ በጣም ነው ምወደው፣ ግን እዛው ጠርዝ ላይ ሊጻፉ ሚችሉ ሌሎች መለኪያዎችም አሉ፣ የልብ ምት ሚቆጥር፣ መብረቅ ስንት ኪሎሜትር ላይ እንደወደቀ ሚያሳይ፣ የሌላ አገር ሰዓት ሚያሳይ። ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት በሳምንት ውስጥ ምን እንደምትለኩ አስቡ፣ ለብዙ ሰው መልሱ ፍጥነት አይሆንም።

መጀመሪያ ግን አሰራሩን እንጨርስ ምክንያቱም እሱ ከገባችሁ ምርጫው ግማሽ ያልቃል። በአንድ ሰዓት ውስጥ 3600 ሰከንድ አለ። ታኪሜትር ሚሰራው 3600ን ባለፈው ሰከንድ ማካፈል ብቻ ነው፣ ማካፈሉን ቀድሞ ጨርሶ መልሱን ጠርዙ ላይ ጽፎላችኋል። ለዛ ነው 4 ቁጥር ጋ (20 ሰከንድ) 180፣ 6 ቁጥር ጋ (30 ሰከንድ) 120፣ 9 ቁጥር ጋ (45 ሰከንድ) 80፣ ዙሩን ሲጨርስ 12 ላይ 60 ሚሆነው። ባትሪ የለውም፣ ሚበላሽ ነገር የለውም፣ ዝም ብሎ የተጻፈ ቁጥር ነው።

አጠቃቀሙ ደሞ እንዲህ ነው። የኪሎሜትር ምልክት ያለበት መንገድ ላይ ናችሁ እንበል፣ አንዱን ምልክት ስታልፉ የላይኛውን ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ ትልቁ ሰከንድ ቆጣሪ መሄድ ይጀምራል፣ ቀጣዩ ኪሎሜትር ጋ ስትደርሱ ድጋሚ ትጫኑና ይቆማል። ቆጣሪው ያመለከተው ቁጥር አማካይ ፍጥነታችሁ ነው። 36 ሰከንድ ከፈጀ 100 ላይ ይቆማል፣ 100 ኪሎሜትር በሰዓት ማለት ነው። (ሚነዳው ሰው አይጫን እባካችሁ፣ ጎን ያለው ይጫን።) አሜሪካ ያላችሁ ደሞ ሀይዌይ ላይ ባለው የማይል ቁጥር ብትለኩ ያው ሰዓት ምንም ሳይቀየር በማይል ይነግራችኋል፣ 55 ሰከንድ ከፈጀ 65 ማይል ገደማ ነው። መለኪያው ኪሎሜትር ይሁን ማይል አያውቅም፣ «አንድ ነገር ይሄን ያህል ሰከንድ ከፈጀ በሰዓት ስንት ይሆናል» ነው ሚመልሰው።

ለዚህ ነው ከመንገድም ውጪ ሚሰራው። አንድ ብሎኬት ማምረት 40 ሰከንድ ከፈጀ በሰዓት 90 ብሎኬት ነው። ካፌ ውስጥ አንድ ማኪያቶ 45 ሰከንድ ከወሰደ በሰዓት 80። በርግጥ ሰራተኛው ስልክ ሚያነሳበትን ሰዓት አይቆጥርም፣ ግን ግምት ለመያዝ አሪፍ ነው፣ እንደኔ እንደኔ የታኪሜትር ትክክለኛ ጥቅሙ ከመኪናው ይልቅ እዚ ጋ ነው።

አንድ ኪሎሜትር የለኝም ብትሉም ችግር የለም። 500 ሜትር ለክታችሁ ቁጥሩን ለሁለት ታካፍላላችሁ፣ 30 ሰከንድ ከፈጀ 120 ይላል፣ ግማሹ 60፣ ስለዚ 60 ኪሎሜትር በሰዓት እየሄዳችሁ ነው። 200 ሜትር ከሆነ በ0.2 ታበዛላችሁ። ይሄ ለሩጫ ወዳጆች በጣም ይመቻል። ቀነኒሳ በቀለ በ2005 ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትሩን በ26:17.53 ሲገባ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው ምጽፈው) እያንዳንዱ 400 ሜትር ዙር በአማካይ 63 ሰከንድ ገደማ ነበር የፈጀበት። 63 ሰከንድ 60ን ስለሚያልፍ ብዙ ታኪሜትር ላይ አይገኝም፣ ግን ግማሽ ዙሩን፣ 200 ሜትሩን ብትይዙ 31 ተኩል ሰከንድ ገደማ ነው፣ ቆጣሪው 114 አካባቢ ይቆማል፣ በ0.2 ስታበዙት 22.8 ኪሎሜትር በሰዓት። በዛ ፍጥነት 25 ዙር! እሱን ሪከርድ ለመስበር 15 ዓመት ፈጅቷል። የራሳችሁን ርምጃ መለካት ከፈለጋችሁ ደሞ 50 ሜትር ያዙ፣ 36 ሰከንድ ከፈጀ 100 ይላል፣ በ0.05 ሲበዛ 5 ኪሎሜትር በሰዓት፣ ይሄ የጤነኛ ሰው የእግር ጉዞ ነው።

ሌላ ሰው ማያወራው አጠቃቀም አለ፣ በግልባጩ። ፍጥነቱ ቋሚ ከሆነ ርቀቱን ይነግራችኋል። በ90 ቋሚ አርጎ ሚነዳ ሹፌር ጋ ከሆናችሁ ቆጣሪውን አስነሱትና 90 ላይ ሲደርስ ልክ አንድ ኪሎሜትር ሄዳችኋል። የመኪናችሁ ዳሽቦርድ ያጋንን እንደሆነም ማየት ትችላላችሁ፣ ብዙ መኪና ሆን ተብሎ ከእውነተኛው ፍጥነት ትንሽ ከፍ አርጎ እንዲያሳይ ነው ሚሰራው፣ ዳሽቦርዱ 100 እያለ በኪሎሜትር ምልክት ስትለኩት 95 ቢመጣ መኪናው ተበላሸ ማለት አይደለም።

አሁን ድክመቱ፣ ምክንያቱም ሻጭ ይሄን አይነግራችሁም። ቁጥሮቹ ወደ ላይኛው ፍጥነት ሲሄዱ ይጣበባሉ። 60 ሰከንድ ላይ አንድ ሰከንድ ብትሳሳቱ ከ60 ወደ 59 ነው፣ ምንም አይደለም፣ 30 ላይ ከ120 ወደ 116፣ ይሄም ይታለፋል፣ 10 ሰከንድ ላይ ግን ከ360 ወደ 327 ትወርዳላችሁ። የሰው ጣት ሁልጊዜ ትንሽ ይዘገያል፣ ስለዚ 400 እና 500 ሚሉት ቁጥሮች በአብዛኛው ጌጥ ናቸው። ከ60 በታች ያለው ፍጥነትም በተለመደው ታኪሜትር አይነበብም ምክንያቱም ዙሩ አልቋል። ድሮ ለዚህ መፍትሄ ነበራቸው፣ ገጹ መሀል ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ሚጠቀለል ታኪሜትር፣ ሁለተኛውን ዙር ከ60 ወደ 30፣ ሦስተኛውን ከ30 ወደ 20 እያለ ይወርዳል። በጣም ያምራል ግን ሰዓት ለማየት ዓይን ያደክማል፣ ለኮሌክተር (ለሰዓት ሰብሳቢ) ነው እንጂ ለየቀኑ አልመክርም።

እና አዎ፣ ስልካችሁ ላይ ያለው ጂፒኤስ ይሄን ሁሉ ያለ ቁልፍ ይሰራዋል። ይሄን መካድ አያስፈልግም። ታኪሜትር ሚገዛ ሰው ስለሚወደው ነው ሚገዛው።

እሺ ወሰናችሁ እንበል፣ ታኪሜትር ነው ምፈልገው አላችሁ። የቱን? መጀመሪያ ሚለያዩት ቁጥሩ የተጻፈበት ቦታ ላይ ነው። ድሮ ገጹ ዳር ላይ፣ ከመስታወቱ ስር ነበር ሚጻፈው። በ1957 ኦሜጋ ስፒድማስተርን ሲያወጣ ቁጥሩን ከመስታወቱ ውጪ ወዳለው ቀለበት፣ ቤዝል ወደሚባለው አወጣው፣ ከዛ በኋላ ሮሌክስ ዳይቶናን በ1963 ሲያመጣ እሱም ቤዝሉ ላይ አደረገው፣ አሁን «የእሽቅድምድም ሰዓት» ሲባል ሁላችንም አእምሮ ውስጥ ሚመጣው መልክ የዛ ልጅ ነው። የሆየር ሰዓት ኩባንያው ጃክ ሆየር ደሞ እዛው 1963 ካሬራ ሚባለውን ሰዓት ሲያወጣ ተቃራኒውን ነው ያሰበው፣ ገጹ ንጹህ ሆኖ በአንድ እይታ እንዲነበብ፣ ታኪሜትር ያላቸው ሞዴሎች ቢኖሩትም ዋናው ውበቱ ባዶነቱ ነው። ስትመርጡ፣ ቤዝል ላይ ያለው ቁጥሩ ትልቅ ነው ይነበባል ግን ይፋቃል፣ በተለይ ርካሽ ላይ ቀለሙ በዓመት ውስጥ ይለቃል፣ ከመስታወት ስር ያለው አይነካም ግን ፊደሉ ትንሽ ስለሚሆን ከአርባ ዓመት በላይ ለሆናችሁ መነጽር ይጠይቃል። ሴራሚክ ቤዝል አይፋቅም፣ ግን ድንጋይ ላይ ከወደቀ ሊሰበር ይችላል፣ ለማስቀየርም ውድ ነው።

ስፒድማስተር ካነሳን አይቀር፣ ናሳ በ1965 አጽድቆት በ1969 በጠፈርተኛው ባዝ ኦልድሪን እጅ ላይ ጨረቃን የረገጠ ሰዓት ነው፣ እና እዛ ላይ ታኪሜትሩ ምንም ጥቅም አልነበረውም፣ ጨረቃ ላይ የኪሎሜትር ድንጋይ የለም። የሰራው ስቶፕዎቹ፣ ማለትም በቁልፍ ሚነሳና ሚቆመው ቆጣሪ ነው፣ አፖሎ 13 ሚባለው መንኩራኩር ችግር ላይ ሲወድቅ 14 ሰከንዷን ሞተር ማስነሻ የቆጠሩት በእሱ ነው። የድሮዎቹ ቤዝል ላይ ከ90 ጎን ያለችው ነጥብ ከቁጥሩ በላይ መሆኗ ብቻ ለኮሌክተሮች የብዙ ዶላር ልዩነት ታመጣለች። እብደት ነው፣ ግን ደስ ይላል።

ሁለተኛው ልዩነት ከመጀመሪያው በጣም ይበልጣል፣ ሰዓቱ በእውነት ክሮኖግራፍ (ስቶፕዎች ያለው ሰዓት) ነው ወይ? ታኪሜትር ያለ ስቶፕዎች ባዶ ጽሑፍ ነው ማለት ይቻላል። ገበያ ላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንዱ ቁልፎቹም ትናንሾቹ ክቦችም የውሸት ናቸው፣ ቁልፉ አይገባም፣ ክቦቹ የተሳሉ ናቸው። ሁለተኛው ክቦቹ ይሰራሉ ግን የሳምንቱን ቀንና የወሩን ቀን ነው ሚያሳዩት፣ ከሩቅ ክሮኖግራፍ ይመስላል፣ አይደለም። እነዚህ ላይ ታኪሜትር ለመጠቀም ተራው ሰከንድ ቆጣሪ 12 ላይ እስኪደርስ ጠብቃችሁ በዛ ቅጽበት ምልክቱ ጋ መሆን አለባችሁ፣ ይሆናል ግን ማን ይጠብቃል። ሦስተኛው እውነተኛ ክሮኖግራፍ ሆኖ የስቶፕዎቹ ሰከንድ በትንሽ ክብ ውስጥ ሚዞር ነው፣ መሀል ያለው ትልቁ ተራ ሰከንድ ነው። ይሄኛው በጣም ያናድዳል ምክንያቱም ሁሉ ነገር አለው፣ ታኪሜትሩን ግን ሚያመለክትበት ቆጣሪ የለም። ስለዚ ሚፈለገው መሀል ያለው ትልቁ ቆጣሪ ቁልፍ እስኪነካ ድረስ 12 ላይ ቆሞ ሚጠብቅ ሰዓት ነው። (ቆሞ ስታዩት ተበላሽቷል ብላችሁ አትመልሱት፣ እንደዛ ነው መሆን ያለበት፣ ተራው ሰከንድ ከትንሾቹ ክቦች አንዱ ውስጥ እየሄደ ነው።)

ከሞተር አንጻር፣ ተራ ኳርትዝ (በባትሪ ሚሰራ) ክሮኖግራፍ በአብዛኛው በሰከንድ አንዴ ነው ሚዘለው፣ ለ100 ኪሎሜትር በሰዓት ይበቃል። ካሲዮ ኤዲፊስ ውስጥ በ100 ዶላር አካባቢ ታኪሜትር ያለው ታገኛላችሁ፣ ለጀማሪ በቂ ነው፣ ብቻ የትኛው ሞዴል ላይ ትልቁ ቆጣሪ የስቶፕዎቹ እንደሆነ አረጋግጡ። ከሱ ከፍ ሲል ሜካኳርትዝ ሚባለው አለ፣ ሴይኮ ሚሰራቸው ቪኬ63 እና ቪኬ64 ሚባሉት ሞተሮች፣ ሰዓቱን ባትሪ ያስኬደዋል፣ ስቶፕዎቹ ግን በሰከንድ አምስት ጊዜ እየተንቀሳቀሰ ይሄዳል፣ ዜሮ ስታደርጉት ደሞ ቀስ ብሎ አይዞርም፣ ጠብ ብሎ ነው ሚመለሰው። በብዙ ትናንሽ ብራንዶች ውስጥ ይገኛል፣ በዋጋው ከሱ የተሻለ የለም ባይ ነኝ። ባትሪ መቀየር የሰለቸው ሰው የሴይኮ ስፒድታይመር ሶላርን ይይ፣ በብርሃን ነው ሚሞላው። ሜካኒካል ክሮኖግራፍ ያው ልብ ነው ሚፈልገው፣ ኪስም፣ ሰርቪሱም ውድ ነው፣ ሰፈር ያለ ሰዓት ሰሪ ሁሉ አይነካውም፣ መንካትም የለበትም። ሴይኮ 6139 ሚባለው የ1969 አውቶማቲክ ግን ታሪክ ለሚወድ ሰው ልዩ ነገር ነው፣ ጠፈርተኛው ዊሊያም ፖግ ስካይላብ ወደሚባለው የጠፈር ጣቢያ ይዞት ወጥቷል፣ ግን አሁን ሚሸጡት ብዙዎቹ ከተለያየ ሰዓት ዕቃ የተገጣጠሙ ስለሆኑ ሚያውቅ ሰው ሳታሳዩ እንዳትገዙ።

አሁን ወደ ተፎካካሪዎቹ። ቴሌሜትር ሚባለው የድምጽን ፍጥነት ነው ሚጠቀመው፣ መብረቁ ብልጭ ሲል ታስነሳላችሁ ነጎድጓዱ ሲሰማ ታቆማላችሁ፣ ርቀቱን በኪሎሜትር ታነባላችሁ። ድምጽ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ ሦስት ሰከንድ ወደ አንድ ኪሎሜትር ነው። ድሮ መድፍ ሚተኩሱ ወታደሮች ነበሩ ሚፈልጉት። እውነቱን ለመናገር ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ከታኪሜትር ይልቅ እሱ ብዙ ሥራ ያገኛል፣ ግን ለሦስት ማካፈል ለሚችል ሰው ሰዓት መግዛትም አያስፈልግም።

ፑልሶሜትር ለነርስና ለሀኪም ነው። ገጹ ላይ ለ15 ወይም ለ30 ምት ተብሎ ይጻፋል፣ 30 የልብ ምት ቆጥራችሁ ስታቆሙ በደቂቃ ስንት እንደሆነ ያሳያል። 30 ምት 25 ሰከንድ ከፈጀ 72 ነው። ሰዓቶቹ በጣም ያምራሉ፣ ድሮ የሀኪም ሰዓት ሚባሉት ናቸው። ግን እዚ ጋ ታኪሜትር ያላችሁ ሰዎች ሌላ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን ሞክሩ፣ በታኪሜትር 30 ምት ቁጠሩና ሚያሳየውን ቁጥር ለሁለት አካፍሉት። 25 ሰከንድ ላይ ታኪሜትሩ 144 ይላል፣ ግማሹ 72። ያው መልስ! ስለዚ በታኪሜትርና በፑልሶሜትር መሀል ለምትዋልሉ ሁለቱንም ሚሰራው ታኪሜትር ነው፣ ፑልሶሜትር ኪሎሜትር አይለካላችሁም።

የዳይቨር ሰዓት ቤዝል ግን ታኪሜትርን በዕለት ተዕለት ኑሮ ያሸንፈዋል፣ በሩቁ። በ1953 ብላንፔን ፊፍቲ ፋዘምስና ሮሌክስ ሰብማሪነር ይዘውት የመጡት ነው፣ ለጠላቂ ዋናተኛ ታስቦ፣ እኛ ግን ለፓርኪንግ፣ ለወጥ፣ ልጅ ስክሪን ፊት ለሚቆይበት ግማሽ ሰዓት ነው ምንጠቀመው። ቤዝሉን አዙራችሁ እሱ ላይ ያለችውን ሦስት ማዕዘን ደቂቃ ቆጣሪው አንጻር ማድረግ ብቻ ነው፣ ከዛ ስንት ደቂቃ እንዳለፈ ዓይናችሁ ያነባል፣ ቁልፍ የለ፣ ስሌት የለ። አንድ ሰዓት ብቻ ሊኖረኝ ነው ሚል ሰው ካለ እኔ ወደዚህ ነው ምልከው።

ውጪ አገር ላላችሁ ደሞ ሁለተኛ ሰዓት ሚያሳየው ይበልጣል። ፓን አም ሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ለፓይለቶቹ ብሎ ሮሌክስን በ1950ዎቹ አጋማሽ ያሰራው ጂኤምቲ ማስተር ባለ 24 ሰዓት ቤዝል ነው፣ ለኛ ግን ባለ 12 ሰዓት ሚዞር ቤዝል ይበልጥ ይመቸናል ምክንያቱም የሀበሻ አቆጣጠር በ6 ይለያል። አዲስ አበባ ሆናችሁ ሰዓታችሁ በፈረንጅ ከተሞላ የቤዝሉን 12 ወደ 6 ቁጥር አዙሩት፣ ሰዓት ቆጣሪው 9 ላይ ሲሆን ቤዝሉ ላይ 3 ታነባላችሁ። ዲሲ ያላችሁ አሜሪካኖቹ ሰዓት ወደፊት ባላዞሩበት ወቅት የቤዝሉን 12 በ10 ቁጥር አንጻር አድርጉት፣ ባዞሩበት ወቅት በ11 አንጻር፣ ዱባይ ያላችሁ ደሞ በ7። ከዛ በኋላ እናታችሁ ጋ ለመደወል ጣት መቁጠር ቀረ።

ብሬትሊንግ ናቪታይመር ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይዞት ያለው ስላይድ ሩል (እየዞረ ሚያሰላ የቁጥር ቀለበት) ሁሉንም ይሰራል፣ ማባዛት ማካፈል ነዳጅ ምንዛሪ፣ ግን ቁጥሮቹ ከመብዛታቸው የተነሳ ብዙ ሰው መማሪያውን ሳይጨርስ ይተወዋል። ለማሳየት ከሆነ ይሁን።

ስለዚ በስልክ ቪድዮ ሳይሆን ሱቅ ገብታችሁ ታኪሜትር ከመረጣችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ይሄን አርጉ። የላይኛውን ቁልፍ ተጫኑ፣ ትልቁ ቆጣሪ ካልተንቀሳቀሰ አስቀምጡት። ከተንቀሳቀሰ የስልካችሁን ስቶፕዎች አብራችሁ አስነሱና 30 ሰከንድ ላይ አቁሙት፣ ቆጣሪው 120 ላይ መሆን አለበት፣ 45 ላይ ሞክሩት፣ 80። ርካሽ ሰዓት ላይ ቤዝሉ ተዟዙሮ ስለሚለጠፍ ቁጥሩ ከሰከንዱ ጋ ሳይገጥም ሊቀር ይችላል። ከዛ የታችኛውን ቁልፍ ተጫኑና ልክ 12 ላይ ይመለስ እንደሆነ እዩ። ትንሽ ከሳተ ብዙ ኳርትዝ ላይ ማዞሪያውን ስባችሁ ቁልፎቹን እየነካካችሁ ይስተካከላል፣ ባትሪ ከተቀየረ በኋላም ይሄ ይፈጠራል፣ ሻጩ እዛው ያስተካክልላችሁ። እምቢ ካለው ሌላ ሱቅ አለ።